ቀለበቱ ያለው ይሄዳል

ያኔ ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ዓይኔ ክር በመርፌ ለመሰካት መነጽር አይጠይቅም፤ እግሬም የስፌት መኪናዬን ከጠዋት እስከ ማታ ሲዘውር ቢውል አይሰንፍም። አሁን ሁለቱም ከድተውኛል። ይህን ለመጻፍ ያስቀመጠኝ የአንዲት ልጅ ካፖርት ነው። ባለፈው ሳምንት ይዛው መጣች፤ ብርድ አገር ልትማር ነውና ትከሻውን አጥብቢልኝ አለችኝ። ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋሁት። ስድስት ትልልቅ ጥቋቁር ቁልፎች ፊት ለፊቱ ተሰልፈዋል። መቀሱን አስቀመጥኩ። "ምነው እማማ፣ አይጠብም እንዴ?" አለች። "ይጠባል ልጄ፣ ነገ ነይ" አልኳት። ካፖርቱ የአንድ ሰዓት ሥራ ነበር፤ ነገ ነይ ያልኳት እኔ እስክረጋጋ ነው።

ዛሬ በእኛዋ፣ በኬንያ በኩል ባለችው ሞያሌ፣ ካፖርት የሚገዛ አለ። አስፋልቱ ደረሰ፣ አውቶቡሱ መጋረጃ አለው፣ ሰው ጠዋት ቻፓቲውን በልቶ ተሳፍሮ በአንድ ቀን ናይሮቢ ይገባል። ያኔ መንገዱ ድንጋይና አቧራ ነበር። ናይሮቢ የሚሄድ ሰው ከብት በጫነ መኪና ላይ፣ ከበሬዎቹ ቀንድ በላይ ብረት ጨብጦ ተቀምጦ ሦስት ቀን ይጓዛል፤ ሲመለስ እናቱም አታውቀውም። አንድ ቻፓቲ አስር ሽልንግ፣ ሻይ በግመል ወተት እንደዚያው አስር፣ ቦዳ ቦዳ የሚሉት ሞተር ብስክሌት ከድንበር ኬላው እስከ ገበያ ሃምሳ ጠይቆ በሠላሳ ይስማማል። ሴቱ ሌሶ በወገቡ፣ ሌሶ በትከሻው ነው። የሚቱምባ ቦንዳ ሲፈታ፣ ያ የፈረንጅ አሮጌ ልብስ፣ ከሸሚዙና ከሱሪው መሐል ሁልጊዜ አንድ ሁለት ካፖርት ይወጣል። በዚህ ሐሩር ማን ይለብሰዋል? ነጋዴዎቹ እየሳቁ በሃያ ሽልንግ ይጥሉልኛል። ጨርቁን ለአህያ ጀርባ መደላድል እሰፋዋለሁ፣ ቁልፉን እየቆረጥኩ በዱቄት ወተት ቆርቆሮ አጠራቅማለሁ። ከዚያ ቆርቆሮ ነው ወንድሜ የሚሰርቀኝ።

ወንድሜ ጋሼ ታደለ በአሥራ ሁለት ዓመት ይበልጠኛል። ወጣትነቱን የጨረሰው ድሬዳዋ፣ በባቡር መጠገኛው ውስጥ ነው። በዚያ በክፉው ዘመን አገር ጥሎ ወጣ፣ በስደተኛ ሰፈር ኖረ፣ አንድ እግሩ እንደ እንጨት ደርቆ በመጨረሻ ባሌ ሞቶ ብቻዬን ወደቀረሁት ወደ እኔ መጣ። የጓሮ ክፍሌን ሰጠሁት። ሌላ ሽማግሌ ጫት ይቅማል፣ ዳማ ይጫወታል። የእኔው ባቡር ይሠራል። የዘይት ቆርቆሮ ቆርጦ ፉርጎ፣ የሰርዲን ቆርቆሮ አጥፎ ጣሪያ፣ የብስክሌት ጎማ ሽቦ አቃንቶ ሐዲድ፤ ጎማው የእኔ የካፖርት ቁልፍ። የባቡሩ ራስ ውስጥ የሞተ ቴፕ ሞተር አለ፤ ሁለት የራዲዮ ድንጋይ ሲያጎርሱት እያጉረመረመ ይሄዳል። በአሮጌ በር ላይ፣ አራት እግር አበጅቶለት፣ ድሬዳዋን አስቀመጣት፦ ጣቢያውን፣ አሸዋ ብቻ የሆነውን ወንዝ፣ ድልድዩን። ሞያሌ ባቡር አይታ አታውቅም። ደንበኞቼ ልብስ ሊለኩ ገብተው ጓሮ ጓሮውን ሲያዩ ይቆያሉ።

ጉዮ የመጣው የኮፍያው ምላስ ተገንጥሎ ነበር። ከከተማችን ዳር ያለችው የሄሉ ሰፈር ሰው ነው፤ እዚያው ተወልዶ፣ በወጣትነቱ ወደ ደቡብ ወርዶ ቮይ በሚባለው ጣቢያ ሠላሳ ዓመት ባቡር ሲያሳልፍ ኖሮ በጡረታ ተመልሷል። አማርኛውን የለቀመው በልጅነቱ ከድንበር ንግድ ነው፤ በመሐሉ ኦሮምኛና ስዋሂሊ ይረጭበታል። ዓይኑን ሞራ ጀምሮታል። የሚያስጠግነው ኮፍያ የባቡር ሠራተኛ ኮፍያ ነበር። በጓሮው በር አንገቱን አስግጎ አየና፣

"ማማ ፉንዲ" አለኝ፤ ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ እንደዚያ ነው የሚጠራኝ፣ "ይሄ ጋሪ ላ ሞሺ የማነው?"

"የኔ ነው" አለ ወንድሜ ከውስጥ።

"ባቡር የት አይተህ ነው?"

"ድሬዳዋ። ሃያ ዓመት ከሥሩ ተኝቼ ሆዱን ፈትቻለሁ።"

"የሐዲዳችሁ ስፋት?"

"አንድ ሜትር።"

"ውሸት!"

"አንተ ደግሞ የማን ዳኛ ነህ?"

"ቮይ ጣቢያ። የእኛም አንድ ሜትር ነው!"

ወንድሜ ብድግ አለ። "ሐዲድ ያነጠፉልን ፈረንሳይና እንግሊዝ በምንም አይስማሙም ሲሉ ነበር" አለ፣ "ለካ በዚህ ተስማምተዋል።" ጉዮ ወንበር ሳይጠይቅ ቁጭ አለ። የዚያን ቀን ኮፍያውን ረስቶት ሄደ።

ለካ እሱም ቤቱ ውስጥ ባቡር አለው! የራሱን ቮይ፣ ከጭቃ ዝሆኖቿ ጋር፣ በሁለት ሳንቃ ላይ ሠርቷል። የሐዲዱን ስፋት በክብሪት ቀፎ ለክተው አንድ አደረጉት፤ ከዚያ በኋላ የአንዱ ባቡር በሌላው አገር ይሄድ ጀመር። ወንድሜን "ድሬ" ይለዋል፣ ወንድሜም እሱን "ቮይ"። የቆርቆሮ ባቡር ማስነሳት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ማስረጀትም አለበት። ሰው ዕቃውን ይወለውላል፣ እነዚህ ሁለቱ ያዝጋሉ። ያማረውን ፉርጎ ኮምጣጤና ጨው ቀብተው ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፣ ቀይ አፈር በሻይ በጥብጠው ያፈሱበታል፣ ሲዝግላቸው ልጅ እንደተወለደለት ሰው ይስቃሉ። እስከ ዛሬ ኮምጣጤ ሲሸተኝ ሰላጣ አይታሰበኝም። ከጎረቤት ሻይ ቤት የቆየ ዘፈን በካሴት እየተንቋረረ፣ እነሱ በአጉሊ መነጽር ዝገት ሲያዩ ይውላሉ።

ቀለበቱን ያመጣው ጉዮ ነው። ሐዲዱ አንድ ብቻ በሆነበት መንገድ፣ ሁለት ባቡር ፊት ለፊት እንዳይላተም፣ ጣቢያው ለነጂው ቀለበት ይሰጠዋል አለን። ቀለበቱ ያለው ይሄዳል፤ የሌለው ቆሞ ይጠብቃል፤ ንጉሥም ቢሆን። ከአሮጌ የመጋረጃ ዘንግ አንድ የናስ ቀለበት አውጥተው በዚያ ይጫወቱ ጀመር። ቀልዱ ወደ ደንብ የተለወጠው አንድ እሁድ ነው። ሁለቱም በየፊናቸው ባቡራቸውን በካርቶን ተሸክመው ተነሡ፤ አንዱ በገበያው በኩል፣ አንዱ በመቃብሩ በኩል፤ ተላለፉ። ወንድሜ ሄሉ፣ ጉዮ እኔ ቤት፣ አንዱ ሌላውን እየረገመ ዋለ። ከዚያ ወዲህ በሰውም ላይ ሠራ። እሁድ የሚመጣው ቀለበቱን ይዞ ይመጣል፣ ለቤቱ ባለቤት ያስረክባል፤ የሚቀጥለው እሁድ የሚሄደው የተረከበው ነው። ቀለበት የሌለው ከቤቱ አይነቃነቅም። ወንድሜ ቀለበቱን በጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ፣ ከኖራ ጠመኔዬ አጠገብ ያኖራል።

ከዚያ ያ ዓመት መጣ። ስለ እሱ ብዙ አልጽፍም፤ ማን ምን እንዳለ፣ ማን እንደጀመረው የሚያውቁ ይጻፉት። እኔ የማውቀው አብሮ ሻይ የሚጠጣ ሰው በየወገኑ መቀመጥ እንደጀመረ ነው። ልብስ ሊያሰፉ የሚመጡ ሴቶች ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፣ አንዳንዶቹ የሰጡኝን ጨርቅ ሳይሰፋ መልሰው ወሰዱ። አንድ እሁድ ሽማግሌዎቼ ከባቡራቸው ቀና ብለው ስለዚሁ አወሩ።

"ድሬ፣ ነገሩ ከከፋ እኔ ዓይን የለኝም" አለ ጉዮ።

"እኔም እግር የለኝም።"

"ሁለታችን ተደምረን አንድ ሰው አንሞላም ማለት ነው?"

"አንድስ እንሞላለን፤ ጥርስ ብቻ ይጎድለናል።"

ሳቁ። ከዚያ ጉዮ ሳቁን ትቶ፣ "እንደ ደንቡ ይሁን" አለ። "ቀለበቱ ያለው ሌላውን ሊወስድ ይመጣል። የሌለው ከቤት አይወጣም። አለዚያ እንደዚያ ቀን እንተላለፋለን።" ወንድሜ እጁን ሰጠው። እኔ የእጅጌ ጠርዝ እየሰፋሁ ሰማሁ። ሁለት ሽማግሌዎች ሲጫወቱ መስሎኝ ነበር።

በሚቀጥለው እሁድ ጉዮ መጣ፣ ቀለበቱን ለወንድሜ አስረከበ፣ አዲስ ፉርጎውን ከካርቶን አወጣ። ማጋዲ ከሚባለው ሐይቅ ጨው የሚያመላልስ ፉርጎ ነው አለ፤ ከአናቱ እስከ እግሩ አንድ ዓይነት ዝጓል። ወንድሜ አገላብጦ አየና፣ "ይሄ ሻይ ውስጥ የወደቀ ነው" አለ።

"ምን?"

"ፉርጎ የሚዝገው ከታች ነው፣ ውሃ ከሚቆምበት። አንተ በብሩሽ ነው የቀባኸው። ዝገትህ ይዋሻል።"

"ጨው የጫነ በሁሉም በኩል ነው የሚዝገው! አንተ ወርክሾፕ ታጥቦ ሲመጣልህ ነው ያየኸው። እኔ መንገድ ላይ ነው ያየሁት፣ ሠላሳ ዓመት!"

"ሠላሳ ዓመት ባንዲራ ስታውለበልብ!"

ወንድሜ ምላሱ መጥፎ ነው፤ እሱም ወዲያው ገባው፣ ግን አልመለሰውም። ጉዮ ፉርጎውን ካርቶን ውስጥ ከተተና ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ። በሩ ላይ ብቻ ዞሮ፣ "ማማ ፉንዲ፣ ደህና ሁኚ" አለኝ። ለእኔ ብቻ።

ማክሰኞ ዕለት ጎረቤቴ ባለሱቁ የሄሉ መንገድ ላይ ሰው እንደተደበደበ ነገረኝ። የሚመጣው እሁድ መንገደኛው ወንድሜ ነው። አትሂድ ቢሉት አይሰማም፤ ሐዲድ ነው፣ አይታጠፍም። በዚያ ላይ የተናገረውን ነገር ለመካስ ቸኩሏል፤ ለጉዮ አዲስ ጎማ እያዘጋጀ ነበር፣ ከቁልፎቼ ምርጥ ምርጡን። እና ቀለበቱን ከመሳቢያው አንስቼ በቀሚሴ ኪስ ከተትኩት። ይኸው ነው ያደረግሁት። ቀለበት ከሌለው አይሄድም፤ ነገሩ ሲበርድ መልሼ አስቀምጠዋለሁ አልኩ።

ቅዳሜ መሳቢያዎቹን ሁሉ ገለበጠ። "እታለም፣ ቀለበቱን አይተሻል?"

"አላየሁም።"

ቆመ፣ አሰበ፣ ከዚያ ፈገግ አለ። "ቮይ ነው። ተቆጥቶ ሲወጣ ይዞት ሄዷል። ይሁን፤ እንግዲህ መንገደኛው እሱ ነው፣ ይምጣ።" እሁድ ጠረጴዛውን ጠርጎ፣ ስኳር ገዝቶ ጠበቀ። ጉዮ አልመጣም። "አኩርፏል" አለ። እኔ ግን አውቃለሁ፤ ጉዮም በዚያችው ሰዓት በሩ ላይ ተቀምጦ ወንድሜን እየጠበቀ ነበር። ሁለቱም ተኮራረፍን ብለው ዋሉ።

ረቡዕ ጠዋት ተኩሱ ተሰማ። መጀመሪያ ሰው ቆርቆሮ የሚቀጠቅጥ መስሎኝ ነበር። ከዚያ መንገዱ በሰው ሞላ፤ ፍራሽ በራስ ላይ፣ ሕፃን በጀርባ፣ ፍየል በገመድ፣ ሁሉም ወደ ኬላው፣ ወደ ኢትዮጵያ በኩል። የስፌት መኪናዬን ራስ ፈትቼ በሌሶ ቋጠርኩ። ወንድሜን ልጠራ ጓሮ ስገባ ጫማውን አድርጎ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጧል።

"ጋሼ፣ ተነስ! ሰው ሁሉ እየወጣ ነው።"

"ቮይ ይመጣል።"

"እንዴት ይመጣል በዚህ ሁሉ መሐል?"

"ቀለበቱ እሱ ጋ ነው። ብወጣ እንተላለፋለን፤ ዓይን የለውም፣ መጥቶ ቢያጣኝ የት ይገባል?" ስልኩን ደጋግሞ ሞክሮ ነበር፤ የጉዮ ስልክ ዝግ ነው። ሁልጊዜም ዝግ ነው፣ ባትሪ የሚያስሞላው በገበያ ቀን ብቻ ነው።

ቀለበቱ ጭኔ ላይ ነበር። በቀሚሱ ውስጥ ይሰማኛል። አውጥቼ ባሳየው ይነሣል፤ የሚነሣው ግን ወደ ሄሉ ነው፣ በዚያች በደረቀች እግሩ። ጭሱ የሚታየው ደግሞ ከሄሉ በኩል ነበር። እጄ ኪሴ ውስጥ ገባ። ጨበጥኩት። ከዚያ ባዶ እጄን አወጣሁና፣ "ጎረቤቶቹ ይዘውት ወጥተው ይሆናል፤ ኬላው ላይ እናገኘዋለን" አልኩት። በዚህ ተነሣ። የባቡሩን ራስ ብቻ በሹራብ ጠቅልሎ ብብቱ ሥር አደረገ።

በወዲያኛው በኩል በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ተጠለልን። ወንድሜ በሩ ላይ ተቀምጦ የመጣውን ሁሉ ይጠይቃል፦ "ኮፍያ ያደረገ ሽማግሌ፣ ካርቶን የያዘ፣ አላያችሁም?" አንዷ ሴትዮ፣ "አባባ፣ እኔ ልጄን እየፈለግሁ አንተ ካርቶን ትለኛለህ?" አለችው። ከዚያ ወዲያ ካርቶኑን ተወው፤ ኮፍያውን ብቻ ይጠይቃል። እኔ በቀን ሁለቴ ልነግረው አፌን እከፍታለሁ፤ በልተሃል ወይ ብዬ እዘጋዋለሁ።

ስንመለስ ቤታችን ደኅና ነበር፤ በሩ ተገንጥሎ ድስቶቼ ከመሰረቃቸው በቀር። ሄሉ የጉዮ ቤት ጣሪያ የለውም። ጉዮን ሰው ቀብሮታል። ጎዶማ የምትኖረው ልጁ ዳኪ ለልቅሶ መጥታ፣ ግቢው ውስጥ በተነጠፈ ሸራ ላይ ተቀምጣለች። ጎረቤቶቹ የነገሯትን ነገረችን። እየወጡ ጠርተውታል፤ አንዱማ ክንዱን ይዞ ጎትቶታል። እሱ ግን ካርቶኖቹን በገመድ አስሮ፣ ኮፍያውን አድርጎ፣ በሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ "እናንተ ሂዱ፤ ድሬ ይመጣል፤ ቀለበቱ እሱ ጋ ነው" ብሏቸዋል። ጥይቱ ከየት እንደመጣ ያየ የለም። ከበሩ ሳይነሣ ነው ያገኙት።

ወንድሜ፣ "እኔ ጋ አልነበረም" አለ።

"እሱ ግን ሰጥቼዋለሁ ብሏል፣ አባባ" አለች ዳኪ። እየወቀሰችው አልነበረም። ግራ ገብቷት ነው።

"እኔ ጋ አልነበረም" አለ እንደገና፣ ቀስ ብሎ፣ እጆቹን እያየ። እኔን አላየኝም። ያን ቀን ቢያየኝ እነግረው ነበር እላለሁ አንዳንዴ። እንጃ።

ወንድሜ አንድ ዓመት ያህል ባቡሩን አልነካም። አቧራ ድሬዳዋን ከደናት። ቀለበቱን ከኪሴ አውጥቼ የመርፌ ቆርቆሮዬ ውስጥ ቀበርኩት፤ መርፌ ባነሣሁ ቁጥር ቅጭል ይላል። ወንድሜ እያረጀ ሄደ። ምግብ ላይ ተቀምጦ በድንገት፣ "መሳቢያው ውስጥ ነው ያስቀመጥኩት፤ ነው ወይስ አይደለም?" ይለኛል። አእምሮዬ እየተወኝ ነው ብሎ ይሰጋ ጀመር። አንድ ቀን የገዛ ቀልቡን እንዳላመነ ሰው፣ የመኝታውን በር መዝጋቱን ሦስት ጊዜ ተመልሶ ሲያይ አየሁት። ይህን ነው ያልቻልኩት። ወዳጁን ወስጄበታለሁ፤ ልቡናውን ደግሞ ልወስድበት?

የጉዮ ሙት ዓመት ሰሞን፣ እሁድ ጠዋት፣ ሻዩን አስቀመጥኩለትና ቀለበቱን ከብርጭቆው አጠገብ አኖርኩት። ረጅም ጊዜ አየው። አላነሣውም።

"መቼ ወሰድሽው?"

"ማክሰኞ። እሁድ እንዳትሄድብኝ ብዬ።"

"ያን ቀን ጠዋትስ፣ ስንወጣ፣ የት ነበር?"

"ኪሴ ውስጥ።"

"ታውቂ ነበር?"

"እጄ ይዞት ነበር፣ ጋሼ።"

ሌላ አልጠየቀኝም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ሻዩን ጠጣ፣ ብርጭቆውን ራሱ አጠበ። ጫማውን አደረገ፣ ለጉዮ አዘጋጅቷቸው የነበሩትን አራት የቁልፍ ጎማዎች በወረቀት ጠቀለለ፣ ቀለበቱን በጣቱ ላይ አድርጎ ወጣ። ከበሩ ላይ ሆኜ ቦዳ ቦዳ ሲያስቆም አየሁት፤ "ጎዶማ" ሲል ሰማሁ።

ማታ ከመጨለሙ በፊት ተመለሰ። ቀለበቱ ጣቱ ላይ የለም፤ ብብቱ ሥር አንድ ካርቶን አለ። ዳኪ ከተቃጠለው ቤት የተረፈውን ለቅማ አስቀምጣው ኖሯል። የጨው ፉርጎውን አውጥቶ መስኮቱ ጋ ወሰደው። ቀለሙን እሳት በልቶት፣ ዓመት ሙሉ ዝናብ ወርዶበት ነበር። ከአናቱ እስከ እግሩ ዝጓል፤ አንድ ዓይነት።

"በሁሉም በኩል ነው" አለ። "እውነቱን ነበር።"

ወንድሜ ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖረ። አንድም ቀን አልወቀሰኝም፤ እታለም ብሎም ግን አልጠራኝም፣ በስሜ ነው የጠራኝ። በየሁለት እሁዱ ቦዳ ቦዳ ይዞ ጎዶማ ይሄዳል፤ በሄደ ቁጥር ከድሬዳዋ አንድ ነገር ይወስዳል፦ አንድ ፉርጎ፣ ጣቢያውን፣ ድልድዩን፣ በመጨረሻም የባቡሩን ራስ። ዳኪ ቤት ከእሳት ከተረፈው የጉዮ ሳንቃ ጋር ገጣጥሞ በሚስማር መታው። ከአሮጌው በር የሠራው ጠረጴዛ ባዶ ሲሆን ሐዲዱ የታሰረባቸውን ምስማሮች በጉጠት አንድ በአንድ ነቀለ፣ በሳሙና አጠበው፣ ግቢው ውስጥ አደረቀው፣ ከዚያም ጎትቶ ሱቄ ውስጥ አስገባውና፣ "ልብስ ቁረጪበት" አለኝ።